«ቻለው» ብለን ስንሄድ

ሰው ሲጎዳ የምንለው አናጣም። «እግዜር ያጽናህ» እንላለን፤ «አላህ ሰብሩን ይስጥህ» እንላለን፤ «የባሰ አታምጣ በል» እንላለን። ሁሉም ካለቀብን ደግሞ ጫማችንን እያጠለቅን፣ በሩን በሩን እያየን፣ «ቻለው እንግዲህ፣ ምን ይደረጋል!» ብለን እንወጣለን። ይህቺ «ቻለው» የምትባል ቃል እኮ ጉድ ናት። ባሏ ለሞተባት፣ ንግዱ ለከሰረበት፣ ልጁ በስደት ለጠፋበት፣ ቤቱ ለተቃጠለበት፣ ለሁሉም የምትታዘዘው አንዲት ክኒን እሷው ናት።

ቻይነት በእኛ ሀገር ትልቅ ምስጋና ነው። «አንድ ቀን ተንፍሳ አታውቅም» የምትባል ሚስት ለልጆቻችን ምሳሌ ሆና ትጠቀሳለች። ችግሩን ያላዋየ አባወራ ወንድ ነው። የከፋ ነገር ሲመጣ «ሆድ ይፍጀው» እንላለን። እውነት ነው፣ ሆድ ብዙ ይፈጃል። ሁሉን ግን አይፈጅም። ያልፈጀውን በሌላ በር ይመልሰዋል፤ በራስ ምታት፣ በእንቅልፍ ማጣት፣ በትንሽ በትልቁ መቆጣት። የሚመልሰው ደግሞ ጎዳና ላይ ላገኘው መንገደኛ አይደለም። ቤቱ ላሉት ነው።

ነገሬ እንዳይጣመም አንድ ነገር ላስቀድም። ቃሏን ራሷን አልጠላትም። ድሮ ቃሏ የምትነገርበት ቦታ ነበራት። የለቅሶአችንን ሥርዓት እስቲ አስቡት። ጥሩንባ ይነፋል። ድንኳን ይተከላል። አግዳሚ ወንበሩ ከእድር ቤት ይመጣል። ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል፣ ቡና ያፈላል። ሐዘንተኛውን ማንም «ምን ተሰማህ?» ብሎ አይጠይቀውም። ግን ማንም ብቻውን አይተወውም። ሌሊቱን ፍራሽ አንጥፎ አብሮት የሚያድር አለ። በአርባ ሰው መካከል የተባለች «ቻለው» ትርጉሟ «አብረን እንችለዋለን» ነው። ብቻውን ለቀረ ሰው ስትባል ግን ትርጉሟ ይዞራል፤ «እባክህ አታስቸግረን» ትሆናለች። ቃሏ ያቺው ናት፤ የጠፋው አብሮ የሚቀመጠው ሰው ነው።

ለሞት እድር አለን። ስለ እድር የጻፉ ብዙ ሰዎች አጀማመሩን ወደ አዲስ አበባ ከገባው የጉራጌ ስደተኛ ጋር ያያይዙታል፤ የኛ ሰው በዚህ ቢኮራ አይፈረድበትም። ሰው ሲሞት ጥሩንባ ይነፋል። ሰው ሲፈራስ? ሸሽቶ የተመለሰ፣ ያየውን አይቶ ዝም ያለ፣ ሌሊት እየባነነ የሚነሳ ሰውስ? ለእሱ ማን ጥሩንባ ይነፋለታል?

ይህን ጥያቄ ያመጣብኝ የእንሴኖ ነገር ነው። እንሴኖ ከቡታጅራ ወደ ዝዋይ፣ ማለትም ወደ ባቱ፣ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ዛሬ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል፣ በምሥራቅ ጉራጌ ዞን፣ በምሥራቅ መስቃን ወረዳ ትቆጠራለች። በዚያ አካባቢ መስቃኑና ማረቆው ጎን ለጎን ይኖራሉ። አንዱ የጉራጌ ቋንቋ ይናገራል፣ ሌላው ሊቢዶ። ቋንቋቸው ይለያይ እንጂ ገበያቸው አንድ ነው፣ መስጊዳቸው አንድ ነው። ስሙ አገር ያዳረሰውን የማረቆ በርበሬ ያመረተውም፣ የነገደውም፣ ጭኖ አዲስ አበባ ያራገፈውም ከሁለቱም ወገን ነው። «መስቃንና ማረቆ» ተብለው በአንድ ወረዳ የሚተዳደሩበት ዘመን ነበር። ይጋባሉ፣ ይዋለዳሉ። ስለዚህ «የእኛ» እና «የእነሱ» የሚለው መስመር በብዙ ቤት የሚያልፈው በድንበር ላይ ሳይሆን በመኝታ ቤት መካከል ነው።

በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ዓረፋን ከቤተሰብ ጋር አሳልፈው ወደ ከተማ የተመለሱት ልጆች ገና ሥራቸውን በቅጡ ሳይጀምሩ፣ በቀበሌዎች የአስተዳደር ወሰን የተነሳው ጥያቄ ወደ ግጭት ተለወጠ። ሰው ሞተ፣ ቤት ተቃጠለ፣ ብዙ ሕዝብ ተፈናቀለ። ከዚያም በኋላ በተለያዩ ዓመታት አገርሽቷል። ማን ጀመረው፣ ማን ባሰ የሚለውን እዚህ አልገባበትም፤ እሱን የሚመዝኑ ሌሎች አሉ። እኔ የማወራው ተኩሱ ጋብ ካለ በኋላ፣ ጋዜጠኛውም ሽማግሌውም ከሄዱ በኋላ፣ በር ዘግቶ ስለሚቀመጠው ቤተሰብ ነው።

በ2012 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ በርበሬው በየግቢው ተሰጥቶ ሰውን በሚያስነጥስበት ወቅት፣ እንሴኖ ያለው የአጎቴ ልጅ ቤት ሰነበትኩ። ከልጅነቱ ጀምሮ ሳቂታ፣ ተረበኛ ሰው ነበር። ግጭቱ ሲነሳ ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን ይዞ ቡታጅራ ዘመድ ጋ ተጠግቶ ወራት አሳልፏል። ሲመለስ ሱቁ ባዶ ሆኖ ጠበቀው። ቤቱ ግን አለ፤ ልጆቹ በሕይወት አሉ። ስለዚህ ሰው ሁሉ «አንተስ ዕድለኛ ነህ» ይለዋል። እሱም «አልሐምዱሊላህ» ይላል።

የመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሁላችንም ሳሎን ተቀምጠናል። የጣሪያው ቆርቆሮ ፀሐይ ሲበርድለት ጠሽ፣ ጠሽ አለ። ቆርቆሮ ቤት ያደገ ሁሉ የሚያውቀው ድምፅ ነው። የአጎቴ ልጅ ግን ስኒውን ጥሎ ዘሎ ተነሳና በሩ ላይ ቆመ። ፊቱ አመድ መስሏል። ትንሽ ቆይቶ ተመልሶ ተቀመጠ። ማንም ምንም አላለም። ልጆቹም ቀና ብለው አላዩም፤ ለምደውታል። ማታ በሩን ሦስት ጊዜ ተነስቶ ሲፈትሽ ሰማሁት። በማግስቱ ጠዋት ትንሹ ልጅ ውኃ ደፋ ብሎ የጮኸበት ጩኸት ግን ለአንድ ጣሳ ውኃ የሚገባ አልነበረም።

የሰባት ዓመቱ ትንሹ ልጅ አልጋ ላይ መሽናት ከተወ ዓመታት ካለፉት በኋላ እንደገና ጀምሯል። እናቱ አንሶላውን ጎረቤት እንዳያይ በማለዳ ከጓሮ ታሰጣለች። ያው ልጅ እናቱ ወደ ገበያ ስትወጣ ቀሚሷን ይዞ አይለቅም። እሷ ደግሞ እንግዳ ሲገባ ፈገግ ትላለች፤ ሲወጣ ሻሽዋን ጭንቅላቷ ላይ ጠበቅ አድርጋ ታስራለች። «ራሴን ነው» ትላለች፣ «ሌላ ምንም የለብኝም።»

አክስቴን ለብቻዋ አግኝቼ ጠየቅኋት።

«ምን ላድርገው ልጄ፣ ጠባዩ ተበላሸ» አለችኝ። «ድሮ እንዲህ ነበር? አንተው ታውቀዋለህ። ዓይን ነው የነካው። ልጁም ቅብጠት ነው። እሷም ኩርፊያ አብዝታለች።»

ጠባይ፣ ቅብጠት፣ ኩርፊያ። ሦስት ስም ለሦስት ሰው። እስቲ የእሷን «ኩርፊያ» እንየው። ሚስቱ ከማረቆ ወገን ናት። መንገዱ በተዘጋበት ሰሞን አባቷ በሕመም ሞቱ። መርዶዋን በስልክ ሰማች። ሄዳ እንዳትቀብር መንገድ የለም። እቤቷ ሆና እንዳታለቅስ ደግሞ ያን ጊዜ ሁሉም በየወገኑ ቆስሏል፤ ማን መጥቶ «አላህ ሰብሩን ይስጥሽ» ይበላት? አክስቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር የነገረችኝ። «ሰዉ ክፉ ሆኖ አይደለም እኮ» አለች። «አንዱ አንዱን እያየ ፈራ። ልድረስላት ብል ምን እባል ይሆን ብሎ ፈራ።» እናም አንዲት ልጅ አባቷ ሞቶ፣ ድንኳን ሳይተከል፣ ንፍሮ ሳይቀቀል፣ ምጣድ ጥዳ እንጀራ ጋገረች። ባሏም የአማቱን ሞት በግልጽ አላለቀሰም። ሁለቱም ቻሉት። አንድ አልጋ ላይ፣ ለየብቻ።

አበው ይህን ነገር ያውቁታል። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይላሉ። ሐኪሞቹ በብዙ ገጽ የሚያስረዱት ነገር በዚህች አጭር አነጋገር ውስጥ አለ። አደጋ ሲመጣ ሰውነታችን ደወል ይደውላል፤ ልብ ይመታል፣ ትንፋሽ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይወጠራል። ይህ ደወል በሕይወት ያቆየናል። ችግሩ አንዳንድ ጊዜ አደጋው ካለፈ በኋላ ደወሉ አይጠፋም። አእምሮው «አልፏል» ይላል፤ ሰውነቱ አያምነውም። ስለዚህ ልጡን እባብ ያደርገዋል፤ የጣሪያ ቆርቆሮ ጥይት ይሆናል። ሌሊት ያው ነገር በሕልም ይመጣል። ያ ነገር የሆነበትን መንገድ ዞሮ ያልፋል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ ትዕግሥት ከየት ያመጣል?

ቁጣው ለምን ቤት ውስጥ እንደሚፈስም አበው ነግረውናል፤ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን።» ያስፈራውን ነገር መምታት ያልቻለ ሰው፣ የማይፈራውን ይመታል። የማይፈራው ሚስቱንና ልጁን ነው። ይህን የምለው መምታት ይቅርታ ይገባዋል ለማለት አይደለም፤ የተመታ ልጅ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን ተመትቷል። ግን አህያውን ሳናይ ዳውላውን ብቻ ብንጠብቅ ነገሩ አያልቅም።

ልጅ ደግሞ አደጋ መኖር አለመኖሩን የሚያነበው ከወላጁ ፊት ነው። እናትና አባት «ምንም የለም» እያሉ ፊታቸው አመድ ከመሰለ፣ ልጁ የሚያምነው ፊታቸውን ነው። አፉ የማይናገረውን አንሶላው ይናገርበታል። ይህን ልጅ «ደግሞ ብትሸና!» ብሎ ማስፈራራት በፍርሃት ላይ ፍርሃት መጨመር ነው።

የሚገርመው፣ እንሴኖ አጠገብ ያለችው ቡታጅራ በዚህ ጉዳይ በዓለም ከታወቁ የጥናት ቦታዎች አንዷ መሆኗ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ምሁራን ከስዊድኑ ኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው በ1979 ዓ.ም. በያኔው መስቃንና ማረቆ ወረዳ ቤት ለቤት ልደትና ሞትን መመዝገብ ጀመሩ። ዘጠኝ የገጠር ቀበሌዎችና አንድ የከተማ ቀበሌ ነበሩ የተመረጡት። ኋላ የአእምሮ ጤና ጥናት ተከተለ። ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው ከአሥር ሺህ በላይ ጎልማሶችን አካተው ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመው ጥናት፣ ከመቶ ሰው 17 ያህሉ የአእምሮ ጭንቀት ምልክት እንዳለበት ተገኘ። ያኔ ዛሬ የምናወራው ግጭት አልነበረም፤ ያ የድህነት፣ የሐዘን፣ የሕመምና የዕለት ኑሮ ጭነት ብቻ ነው።

የተጠቀሙበት የዓለም ጤና ድርጅት መጠይቅ 20 ጥያቄ ነው ያለው፤ መልሱም አዎ ወይም አይደለም ነው። ራስህን ብዙ ጊዜ ያምሃል? እንቅልፍ ትነሳለህ? የምግብ ፍላጎትህ ቀንሷል? በቀላሉ ትደነግጣለህ? እጅህ ይንቀጠቀጣል? ሆድህን ይረብሽሃል? ሁልጊዜ ይደክምሃል? ብዙዎቹ ጥያቄዎች ስለ ሰውነት መሆናቸውን አስተውሉ። ያቺ ሻሽዋን አጥብቃ የምታስር ሴት «ራሴን ነው» ስትል አልዋሸችም ማለት ነው። ሆድ ያልፈጀውን ራስ ተሸከመው።

እነዚሁ ተመራማሪዎች የአካባቢውን አዋቂ ሰዎች ደግሞ የአእምሮ ሕመም ምን ይመስላችኋል ብለው ጠይቀው ነበር። መልሱ የሚለፈልፍ፣ የሚደባደብ፣ እንግዳ ነገር የሚያደርግ ሰው ነው የሚል ሆነ። እኛም አዲስ አበባ ቁጭ ብለን መልሳችን ያው ነው። «አማኑኤል ገባ» የሚለው አነጋገራችን ይመሰክርብናል፤ ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል አማኑኤል ስለነበረ፣ መታመም ማለት እዚያ መግባት ብቻ መሰለን። ጨርቁን ያልጣለ ሁሉ ጤነኛ ነው። ዝም ብሎ ተቀምጦ በሩን ሦስት ጊዜ የሚፈትሽ ሰው በዚህ መዝገብ ውስጥ ስም የለውም። ስም ስለሌለው «ጠባዩ ተበላሸ» እንለዋለን። ጠባይ ተበላሸ ካልን ደግሞ መድኃኒቱ ምክርና ተግሣጽ ይሆናል። ቁስል ነው ብንል ግን ሌላ ነገር እናስብ ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ግጭት ባለፈበት አካባቢ ከአምስት ሰው አንዱ ያህል አንድ ዓይነት የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። ይህ የሚያስደነግጥ ቁጥር ነው፤ ግን ገልብጣችሁም አንብቡት። ከአምስቱ አራቱ፣ ቢደነግጡም ቢያዝኑም፣ ጊዜና ዙሪያቸው ያለው ሰው ያቆማቸዋል። ዙሪያቸው ያለ ሰው ካለ ነው ታዲያ!

የዙሪያ ሰው ምን ያህል እንደሚሠራ የዚምባብዌ አሮጊቶች አሳይተዋል። ዲክሰን ቺባንዳ የሚባል የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2006 በሐራሬ ከተማ፣ ምባሬ በተባለ የድሃ ሰፈር፣ 14 አያቶችን አሠልጥኖ በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። የጨነቀው ሰው መጥቶ አጠገባቸው ይቀመጣል። አያቶቹ «ዲፕሬሽን» ምናምን አይሉም። በሾና ቋንቋ «ኩፉንጊሲሳ» ይሉታል፤ አብዝቶ ማሰብ ማለት ነው። እኛ «ሐሳብ ገባው»፣ «ይብሰለሰላል» እንደምንለው መሆኑ ነው። ሰውየውን ያዳምጡታል፤ ከችግሮቹ አንዱን ብቻ መርጦ መፍትሔ እንዲፈልግለት ያግዙታል፤ በሳምንቱ ተመልሶ እንዲመጣ ይቀጥሩታል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት እነዚህ ሰዎች ከተለመደው አገልግሎት ካገኙት በላቀ ሁኔታ እንደተሻላቸው አሳይቷል። አግዳሚ ወንበርና አሮጊት! እኛ የትኛው ነው የጎደለን?

ወደ እኛው ስንመለስ፣ እዚያው ጉራጌ ውስጥ በሶዶ ወረዳ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ «ፕራይም» የተባለ ሥራ ተሠርቷል። በአምስት አገሮች የተካሄደ ሲሆን፣ የእኛው ድርሻ የጤና ጣቢያ ነርሶችና ጤና መኮንኖች የአእምሮ ሕመምን እዚያው ባሉበት እንዲያክሙ ማሠልጠን ነበር። ስለዚህ «ይህ የፈረንጅ ቅንጦት ነው» ለሚለኝ ወዳጄ መልሴ አጭር ነው። ከሶዶም ከቡታጅራም እንሴኖ ሩቅ አይደለችም።

ከአክስቴ ጋር በዚያን ሰሞን ብዙ አወራን። እኔ ስለ ጥናቱም ስለ ሐኪሙም ተናገርኩ። እሷ ሰምታ ሰምታ ያወጣችው ነገር ግን ከእኔ ንግግር ውስጥ አልነበረም። «የአባቷን ለቅሶ አላለቀሰችም» አለች። «ያልተለቀሰ ለቅሶ ቤት ውስጥ ያድራል።» ከዚያ ማንንም ሳታማክር አንድ ሐሙስ ቀን ሰደቃ አዘጋጀች። ሼሁን ጠራች፣ ቁርዓን ተቀራ። የጎረቤት ሴቶችን በየቤታቸው ዞራ «የልጄ አባት ሞቷልና ድረሱልኝ» አለቻቸው። «የልጄ» ነው ያለችው፣ «የምራቴ» እንኳ አላለችም። ስንት ሰው ይመጣል ብዬ ፈርቼ ነበር። ግቢው አልሞላም፤ ግን ባዶም አልሆነ። ከመጡት መካከል ራሳቸው ሰው የሞተባቸው ነበሩበት። አንዷ ገብታ ምንም ሳትናገር አጠገቧ ተቀመጠችና እጇን ያዘች። ያቺ ሴት ያኔ፣ ከዓመት በኋላ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ባሏ ከውጭ ቆሞ ሰማት። እሱም አለቀሰ።

ይህን ያነበበ ሰው «አለቀሱ፣ ዳኑ» ብሎ እንዳይዘጋው። ሴትየዋ ራስ ምታቷ ቀለለላት፤ እንቅልፏም ተመለሰ። የእሱ ግን አልተመለሰም። መባነኑም፣ በር መፈተሹም፣ ጫት ማብዛቱም ቀጠለ። ጫት ደግሞ ሌሊቱን ነቅቶ ለማሳለፍ ይረዳል ይላል እንጂ፣ እንቅልፍ ላጣ ሰው እሳት ላይ ጋዝ ነው። በኋላ ጤና ጣቢያ ሄዶ፣ ወደ ሆስፒታል ተልኮ፣ ከአንድ የአእምሮ ጤና ነርስ ጋር ለወራት ተመላለሰ። ዛሬም ርችት ሲተኮስ ይደነግጣል። ግን ሲደነግጥ ለልጁ «አባዬ ደንግጦ ነው፣ ምንም የለም፣ አሁን ይለቀዋል» ይለዋል። ይህቺ አንዲት አረፍተ ነገር ለዚያ ልጅ ከብዙ «ምንም የለም» ትበልጣለች፤ ምክንያቱም አባቱ የሚናገረውና ፊቱ የሚናገረው አንድ ሆነለት። አንሶላው ከጓሮ መሰጣት መተዉን አክስቴ በስልክ ነገረችኝ፤ እየሳቀች።

እንግዲህ ምን እናድርግ? የባለሙያዎቹን ምክር ሰብሰብ አድርጌ በእኛ አነጋገር ላቅርበው። የተጎዳ ሰውን «ተናገር፣ አውጣው» ብላችሁ አታስገድዱት። በአንድ ቀን ሁሉን ማስዘርገፍ እንደማይጠቅም፣ እንዲያውም ሊጎዳ እንደሚችል ታውቋል። አጠገቡ ሁኑ፤ መናገር ሲፈልግ አታቋርጡት፤ «እኔ ደግሞ የባሰ አይቻለሁ» አትበሉት። የቤቱን ሥርዓት መልሱ፤ ምሳ በምሳ ሰዓት፣ መኝታ በመኝታ ሰዓት፣ ልጅ ትምህርት ቤት። ሥርዓት ለደነገጠ ሰውነት «ዛሬ እንደ ትናንት ነው፣ ነገም እንደ ዛሬ ነው» ይለዋል። ልጅን በመሽናቱ አታሳፍሩት። ባልና ሚስት ደግሞ ተኮራርፈው ከሆነ፣ ማን አጠፋ ከማለታቸው በፊት ማን ምን አጣ ቢባባሉ ይበጃል። መባነኑና መራቁ ከወር በላይ ከቆየ፣ ሥራና ቤት ካስፈታ፣ በተለይም «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ቃል ከተሰማ፣ ነገ ሳይባል ጤና ጣቢያ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት ለወባ ብቻ አይደለም። ዱዓውም ጸሎቱም ጠበሉም ይቀጥል፤ ማንም አልከለከለም። ሐኪም ጋ ሄዶ የጸለየ ሰው ከሁለቱ አንዱን አልካደም።

አንድ የመጨረሻ ሐሳብ አለኝ፤ ለእድሮቻችን ነው። የእድር መተዳደሪያ ደንብ አንብባችሁ ታውቁ እንደሆነ፣ የማይደነግገው ነገር የለም። ስንት ወንበር፣ ስንት ቀን፣ ያልተገኘ ስንት ብር እንደሚቀጣ ሁሉ ተጽፏል። እዚያ ላይ አንድ አንቀጽ ይጨመር እላለሁ። ሰው የሞተበት ብቻ ሳይሆን፣ ተፈናቅሎ የተመለሰ፣ ቤቱ የተቃጠለበት፣ ከባድ ነገር ያየ አባል ቤት ሁለት ሰው ተመድቦ ይሂድ። ድንኳኑ በተነቀለ ማግስት አይደለም፤ ያኔ ሰው ሞልቷል። በአርባኛው ቀን ይሂድ፤ በሦስተኛው ወር ይሂድ፤ በዓመቱ፣ ያ ክፉ ቀን ዞሮ ሲመጣ ይሂድ። ቡና ይዞ ይሂድ። የሟች ወገን ማን ነበር ብሎ ሳይጠይቅ ይሂድ። ብዙ መናገር አይጠበቅበትም። ይቀመጥ፤ ወንበሩ እንደሆነ የእድሩ ነው።

ለእንሴኖም፣ ለመላው አገራችንም ሰላም ያውርድልን። ያልተለቀሰ ለቅሶ በማንም ቤት አይደር።